ከመሬት ሙቀትን ስቦ ቤት የሚያሞቅ መኪና እንዴት ይመረጣል?

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ነው። ነገር ግን ብርድ በጸናበት አገር ለሚኖር ቤተ ሰብ ሙቀት ከግድግዳና ከጣራ የማያንስ የቤት ምሰሶ ነው። በስዊድን አገር በጥር ወር ማሞቂያው ተበላሽቶ ቢቆም ሕፃናትና ሽማግሌዎች በብርድ ይጐዳሉ፤ ብልሽቱም ቢዘገይ ውሃው በቧንቧው ውስጥ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ያፈነዳዋል። ልጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው በዚያ አገር ቤት የሚገዙ አንባብያን ስላሉን፥ በዚያ በመቶ ሺህ በሚቈጠሩ ቤቶች ስለ ገባው ከመሬት ሙቀት ስለሚስብ መኪና ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድሞ ስሙ እንዳያሳስት እናሳስባለን። ይህ በአገራችን በአሉቶ ላንጋኖ ከጥልቅ ጕድጓድ እንፋሎት እያወጡ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት እንደ ተሠራው ያለ ሥራ አይደለም። በስዊድን ደቡብ መሬቱ ከዐሥር ሜትር በታች በበጋም በክረምትም ከ8 ዲግሪ ገደማ ብዙ አይርቅም። ይህ ለእጅ ቀዝቃዛ ነው፤ ለመኪናው ግን በቂ ነው። በማድ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ከምግቡ ሙቀትን ወስዶ በጀርባው እንደሚያወጣ፥ ይህም መኪና ከመሬት ሙቀትን ወስዶ ቤቱን ለሚዞረው ውሃ ይሰጣል። አሠራሩም ዛሬ የተገኘ አይደለም፤ የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. ከሊማት ወንዝ ሙቀትን በሚስብ መኪና መሞቅ ጀምሯል። በስዊድንም ከ1973ቱ የነዳጅ ችግር በኋላ ሕዝቡ ከነዳጅ ወደዚህ ሥራ እየተመለሰ ሄደ።

እንግዲህ ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚበልጠው መኪና የማን ነው?» ብሎ ነው። እኛ ግን ከዚህ በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም «ቤቴ ምን ያህል ሙቀት ያባክናል?» የሚለው ነው። ባለሙያ የግድግዳውን፥ የመስኮቱንና የጣራውን ስፋት ለክቶ በብርቱው ብርድ ቀን ቤቱ የሚያስፈልገውን ሙቀት ያሰላል። 8 ኪሎዋት ለሚበቃው ቤት 16 ኪሎዋት የሚሰጥ መኪና መግዛት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን ጕዳት ነው። ፍጥነቱ የማይለወጥ ትልቅ መኪና ቤቱን ቶሎ አሙቆ ይቆማል፥ ወዲያው ደግሞ ይነሣል፤ በዚህም መነሣትና መቆም ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕድሜው ያልቃል። ስለዚህ በልኩ የተሰላ፥ ይልቁንም ፍጥነቱን እንደ ብርዱ መጠን የሚያበዛና የሚያሳንስ መኪና ይመረጣል።

ሁለተኛ፥ በቤቱ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ምን ያህል ሊሞቅ እንደሚገባው ይታይ። ቧንቧው ከወለል በታች የተዘረጋ ከሆነ 35 ዲግሪ ይበቃል፤ ያረጁና ያነሱ ራዲያተሮች ግን 55 ዲግሪ ሊሹ ይችላሉ። በ35 ዲግሪ 1 እጅ ኤሌክትሪክ በልቶ 4 እጅ ሙቀት የሚሰጥ መኪና፥ ማለት 8 ኪሎዋት ሲሰጥ 2ቱን ከኤሌክትሪክ 6ቱን ከመሬት የሚወስድ፥ በ55 ዲግሪ ፍሬው በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሻጮች የሚያሳዩት ቍጥር በየትኛው ዲግሪ እንደ ተለካ ሳይጠይቁ ሁለት መኪናዎችን ማወዳደር ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፥ ከመሬት በታች የሚቀበረው ቧንቧ ከመኪናው ይልቅ ይታሰብበት። መኪናው 20 ዓመት ያህል ሠርቶ ቢያረጅ በሌላ ይተካል፤ ቧንቧው ግን በደንብ ከተቀበረ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል ተብሎ ይታመናል። ጕድጓዱ እንደ ቤቱና እንደ ድንጋዩ ዐይነት ከ100 እስከ 200 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጠልቃል። ለገንዘብ ቍጠባ ሲባል ቢያጥር መሬቱ ከሚመልሰው ሙቀት ይልቅ የሚወሰድበት ይበዛል፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ይቀዘቅዛል፤ የኤሌክትሪኩም ሒሳብ ይጨምራል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በመኪናው ይመካኛል፤ በደሉ ግን የጕድጓዱ ነው።

አራተኛ፥ አገልጋዩ በቅርብ ይኑር። መለዋወጫው በሩቅ አገር ካለ፥ የሚጠግነውም ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ፥ የመኪናው ዝና ቤቱን አያሞቀውም። ሠራተኛውን ከአምስት ዓመት በፊት የሠራበትን ቤት እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወደዚያም ቤት ሄዶ የቤቱን እመቤት «በክረምት ስንት ጊዜ ቆመባችሁ? ስትጠሩትስ በስንት ቀን መጣ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ የማስታወቂያ ወረቀት ይበልጣል። በውሃው መንገድ ላይ ዝገትና ደለል የሚይዝ ማጣሪያ መኖሩን፥ አየሩም የሚወጣበት መኖሩን ማየት ደግሞ አይረሳ፤ በእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ጕድለት ብዙ ጥሩ መኪና ተበላሽቷልና።

ይህ ሁሉ ሲባል ሥራው ለሁሉ ቤት ይስማማል ማለታችን አይደለም። ለጕድጓዱ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ስለ ሆነ፥ ትንሽና ሙቀቱን አጥብቆ የሚይዝ ቤት ያለው ወይም በቅርብ ዓመት ለቅቆ የሚሄድ ሰው ከአየር ሙቀት የሚስበውን መኪና ቢመርጥ ይሻለው ይሆናል። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቤት ለሚሠራ ግን ይህ የሚገባ ወጪ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ብርዱ ከደረሰ በኋላ የሚገዛ ሰው ያገኘውን ይገዛል፤ በበጋ የሚያሰላ ግን የሚገባውን ይመርጣል። ስለዚህ ክቡራን አንባብያን ለልጆቻችሁ በምትጽፉት ደብዳቤ «አስቀድመህ ቤትህን አስለካ፤ ቀጥለህ ጕድጓድህን አስቆፍር፤ መኪናህን ግን በመጨረሻ ምረጥ» የሚል አንድ መስመር ትጨምሩላቸው ዘንድ እንመክራለን።