«አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?»

 

በዘነበወርቅ መስጊዳችን ከዐስር ሰላት እስከ መግሪብ አዛን ያለችው ሰዓት ረዥም ናት። ሱቅ ያለው ወደ ሱቁ ይሮጣል። እናቶች ሾርባ ሊጥዱ፣ ሳምቡሳ ሊጠቀልሉ ወደ ቤት ይሄዳሉ። የቀረው ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሙስሐፍ ይከፍታል፤ አንዳንዱ ስልኩን ይከፍታል፤ አንዳንዱ ደግሞ፣ አላህ ጾሙን ይቀበለውና፣ ይተኛል። ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ በዚያች ሰዓት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ፦ «አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?»

ይህን መጠየቅ ያስጀመረኝ የወሬያችን መልክ ነው። በረመዳን ስንገናኝ «ስንተኛው ጁዝ ደረስክ?»፣ «ስንት ጊዜ አኸተምክ?» እንባባላለን። ሠላሳውን ጁዝ በወሩ ውስጥ መጨረስ ትልቅ ነገር ነው፤ ጅብሪል (ዐ.ሰ) በየረመዳኑ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ቁርኣንን ይከልሱ ነበር፤ በመጨረሻዋ ዓመታቸው ሁለት ጊዜ ከልሰዋል። ነገር ግን ስንተኛው ገጽ እንደደረስን እንጂ ከገጹ ላይ ምን እንዳገኘን የሚጠይቀን የለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ቁርኣንን ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ሰው እንደማይረዳው ነግረውታል። ፍጥነቱን የገደቡት መረዳት እንዳይቀር ብለው ነው።

ስጠይቅ መጀመሪያ ሁሉም ዝም አለ። ኢማም ሲጠይቅ ፈተና ይመስላል መሰለኝ። ዝምታውን የሰበረው አንድ ቆራሌው ወጣት ነው። ቆሼ ለሰፈራችን ጎረቤት ስለሆነ በአሮጌ ዕቃ ንግድ የሚተዳደር ብዙ ልጅ አለን። «እኔ መጽሐፍ የምገዛው በኪሎ ነው፤ ከመሸጤ በፊት አነበዋለሁ» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። አሁን በእጁ ያለው ሽፋኑም የፊት ገጾቹም የተቀደዱ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ርዕሱንም አያውቅም። ከዓድዋ ዘመቻ መሐል ነው የሚጀምረው። «መጀመሪያው የት እንዳለ ብታውቁ ንገሩኝ» አለ።

ይኸው ልጅ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ባገኘ ቁጥር ለብቻው በፌስታል አድርጎ ያመጣልኛል። አንዳንዱ የሙስሐፍ ገጽ ነው፤ አንዳንዱ የመድኃኒት መመሪያ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱንም አመስግኜ እቀበላለሁ። በቤታችሁ ያረጀ፣ የተቀዳደደ ሙስሐፍ ካለ ቆሻሻ ላይ አትጣሉት። ንጹሕ ቦታ ላይ መቅበር፣ ወይም በክብር ማቃጠል ይቻላል። ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ) ሙስሐፉን አንድ ወጥ ባደረጉ ጊዜ ሌሎቹ ቅጂዎች እንዲቃጠሉ ማዘዛቸው በቡኻሪ ተዘግቧል።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እህታችን መልሷን በልጇ ላከችልኝ። ሳውዲ ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ዐረብኛ የተማረችው እንደኔ በኪታብ ሳይሆን በትእዛዝ ነው፤ «አምጪ»፣ «ውሰጂ»፣ «ቶሎ በይ»። አሁን የምታነበው የዓኢድ አል-ቀርኒን «ላ ተሕዘን» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «አትዘን» ማለት ነው። መጽሐፉን መጀመሪያ ያየችው የአሠሪዎቿን መደርደሪያ አቧራ ስትጠርግ ነበር። አንስታ መግለጥ አልደፈረችም። አገሯ ገብታ ትንሽ ብር ስታገኝ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉት መጻሕፍት ቤቶች ፈልጋ ገዛችው። እውነቱን ለመናገር እኔ ለዚያ መጽሐፍ ብዙ ፍቅር የለኝም። ከቁርኣንና ከሐዲስ ወደ ምዕራባውያን ደራስያን አባባል ቶሎ ቶሎ ይዘላል፤ ኪታብ በሥርዓት ለቀራ ሰው ያደናግራል። ይህን ግን አልነገርኳትም። አምስት ዓመት «አትዘኚ» የሚላት ሰው አጥታ የኖረች ሴት ያገኘችውን ቃል እኔ የምመዝነው በምን ሚዛን ነው?

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ሰው እስኪበተን ጠብቆ መጣ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ጀምሮ ማቆም አቅቶታል። «ጾሜ ይበላሻል?» አለኝ። ልብ ወለድ ማንበብ ጾም አይፈታም። መጽሐፉ ሰላት ካሳለፈበት፣ ወይም ወደማይገባ ነገር ከወሰደው ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የረመዳን ሰዓት ውድ ስለሆነች ቀኑን ለቁርኣን፣ ከተራዊህ በኋላ ያለውን ለልብ ወለዱ ስጥ አልኩት። እኔ ራሴ በወጣትነቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከኪታቤ ሥር ደብቄ ማንበቤን ግን አልነገርኩትም። ይኸው ዛሬ በጋዜጣ ነገርኩት።

እናቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት አንድ ጥያቄም አለ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በረመዳን ከቁርኣን ተለይታ ትቀመጣለች ወይ? ዓሊሞቻችን በዝርዝሩ ይለያያሉ። በእኛ በሻፊዒያ መዝሀብ ማብራሪያው ከቁርኣኑ ቃል የሚበዛ የተፍሲር ኪታብ ያለ ውዱእ መንካት ይቻላል። የአማርኛ ትርጉም ብቻ የታተመበት መጽሐፍማ ከዚያም የቀለለ ነው። ዐረብኛው ሙሉ አብሮ ካለበት መጠንቀቁ ይሻላል። ስለዚህ በነዚያ ቀናት ትርጉም አንብቡ፣ ሲራ አንብቡ፣ የኢማም ነወዊን አርባ ሐዲስ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ስሙ አርባ ቢሆንም ሐዲሶቹ 42 ናቸው፤ በቀን ሁለት ቢነበብ በወሩ ውስጥ አልቆ ለዒድ ዝግጅት ጊዜ ይተርፋል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን የአንድ አባት መልስ ነው።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት ሲቋቋም ሕክምናው ሰፋ፤ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ ሕመምተኛው ይመጣ ነበር። ድኖ ወደ ቀዬው የተመለሰው ጥቂት ነው፤ ዘመድም ጎረቤትም ይሸሸው ስለነበር ብዙው እዚሁ ጎጆ ቀልሶ ቀረ፤ አግብቶ ወለደ። መድኃኒቱ በሽታውን ይገድላል፤ የሄደውን ጣት ግን አይመልስም። የጀመዓችን አባት የሆኑት እኚህ ሰው ከነዚያ አንዱ ናቸው። በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ሐሪማ ገብተው ሲቀሩ፣ ክንዳቸው ላይ ምልክቱ ሲታይ ደረሶቹ አብረዋቸው ከአንድ ገበታ መብላት ተዉ። ከዚያ ወጥተው አዲስ አበባ መጡ። ጣቶቻቸው አጥረዋል። በሽታው የዐይን ቆባቸውን ጅማት ስለጎዳው ዐይናቸው በደንብ አይከደንም፤ በዚያ የተነሳ ብርሃኑ ደክሟል።

«እርስዎስ አባባ፣ ምን እያነበቡ ነው?» አልኳቸው። የጠየቅኳቸው እንዳይቀርባቸው ብዬ ነው እንጂ ያነባሉ ብዬ አልነበረም።

«እኔና የልጅ ልጄ ቁርኣንን በአማርኛ እያነበብን ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሸይኻችን፣ አሁን ከልክል አይደለም አይደል?» አሉኝ።

አልገባኝም። «ማን ከለከለ?» አልኩ።

የከለከልኩት እኔ ኖሬያለሁ። ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአንድ የረመዳን ምሽት ከተራዊህ በኋላ ደርስ ስሰጥ፣ ቁርኣንን በአማርኛ የሚያነብ ሰው የሚያነበው የቁርኣንን ጥላ ነው፣ ጥላ ደግሞ ሆድ አይሞላም ብዬ ነበር። ንግግሩ አምሮልኝ ነበር፤ ሰዉም ወዶት ስቋል። እሳቸው ያኔ ዐይናቸው ያይ ነበር። ከሰው የተሰጣቸውን የአማርኛ ቁርኣን ከጀመሩት ጥቂት ወራት ሆኗቸው ነበር። እኔ ያልኩትን ሰምተው ቤት ሄዱ፤ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። «ዓሊም ከተናገረ በኋላ ብዬ ነው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ሣጥኑን ስታጸዳ አግኝታ «ይህ ምንድነው?» ስትላቸው ገልጠው ፊደሉን መለየት አቃታቸው።

ቂም በድምፃቸው አልነበረም። ባይኖር ይሻለኝ ነበር ብዬ የማስበው ያንን ቅሬታ ማጣታቸውን ነው፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ያኔ ከተናገርኩት ውስጥ እውነት አለ። ትርጉም ቁርኣን አይደለም፤ የቁርኣን መልእክት ነው። በሰላት ውስጥ ፋቲሓን በአማርኛ መቅራት አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ዐሥር ምንዳ የተባለውም ለዐረብኛው ነው። ስሕተቴ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። እኔ ራሴ ተፍሲር አል-ጀላለይንን ስቀራ ሸይኼ ዐረብኛውን እያነበቡ በአማርኛ ይፈቱልኝ ነበር። የወሎ ሐሪማዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ኪታቡ ዐረብኛ፣ አንደበቱ የአገሩ ቋንቋ። ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉት ዓሊሞች ደግሞ በአማርኛ መንዙማ ደርሰው በዐረብኛ ፊደል ጽፈውታል። ስለዚህ አማርኛው ከአፍ ሲወጣ «ዒልም» ያልነውን፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ «ጥላ» አልነው። ምክንያቱን ደጋግሜ ሳስበው ያገኘሁት ብዙ የሚያስከብር አይደለም። ሰው ራሱ ካነበበ እኛን መጠየቁን ይተዋል ብለን ፈርተን ይመስለኛል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ትርጉም የሚያነቡት ናቸው አብዝተው የሚጠይቁኝ፤ የማያነበው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ያንን ትርጉም ያዘጋጁት ሁለት ዓሊሞቻችን፣ ሐጅ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ፤ ኋላም በመዲና የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያ አሳትሞታል። እነዚህ ሰዎች በዐረብኛ ከእኔ የሚያንሱ አልነበሩም፤ የኔ ዐረብኛ የነሱን ጫፍ አይደርስም። ሆኖም ለማያውቀው ብለው ደከሙ። በዚህች አገር ቁርኣን ከነገሥታት ፊት መጀመሪያ የተነበበ ጊዜ ጃዕፈር (ረ.ዐ) ከሱረቱ መርየም መግቢያ ለነጃሺ ሲያነቡላቸው፣ ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ፣ ጳጳሳቱም የያዟቸው መጻሕፍት እስኪርሱ ማልቀሳቸውን እመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ያለቀሱት መልእክቱ ገብቷቸው ነው።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አውፍ ብያለሁ» አሉ፤ ቀጥለውም «ይልቅ ይምጡና ቂርኣታችንን ይስሙ» አሉኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከዐስር በኋላ ሄድኩ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ናት፤ መድረሳም ትቀራለች። አቀማመጣቸው ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሁለት መጽሐፍ ከፊታቸው ነው። መጀመሪያ እሷ ዐረብኛውን ከሙስሐፉ ታነባለች፤ ትንተባተባለች። እሳቸው በሐሪማ ከሸመደዱት የቀራቸውን ይዘው በጆሯቸው ያርሟታል። እየተንተባተበ የሚያነብ ሁለት ምንዳ እንዳለው በሐዲስ ስለሰማች እርማቱ አያሳፍራትም፤ «ሁለት ተጻፈልኝ» ትላለች። ከዚያ አማርኛውን ስታነብ እሳቸው ዝም ይላሉ። ገጹን የምትገልጠው እሷ ናት። መጽሐፉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ በሁለቱ መዳፋቸው መካከል።

ሱረቱ ዩሱፍ ላይ ነበሩ፤ አሥራ ሦስተኛው ጁዝ። በሐዘን ብዛት ዐይናቸው የጠፋው ያዕቆብ (ዐ.ሰ) የልጃቸው ቀሚስ ፊታቸው ላይ ሲጣል ብርሃናቸው የተመለሰበት ቦታ ላይ ደረሰች። አንብባ ልታልፍ ስትል፣ «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። «አንድ ጊዜ» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ አነበበችላቸው። ልጅቱ ወደኔ ዞር ብላ፣ «ሸይኽ፣ ቀሚሱን ላኪው ዩሱፍ አባቱ ማየት እንዳቆሙ በምን አወቀ?» አለችኝ። በሃያ ዓመት የደርስ ዘመኔ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ተፍሲሩን አይቼ እነግርሻለሁ አልኳት።

አዛን አለ። ተምሩን አያቷ አፍ ላይ አደረገችላቸውና በገጹ መካከል የክር ምልክት አስገባች። ሱራው ሲያልቅ ቀጥሎ ምን እንደሚያነቡ ጠየቅኳቸው።

«እሷን ይጠይቋት» አሉኝ፣ «ገላጯ እሷ ናት።»