ከሥልጠናው በኋላ ማን ይመጣል?

የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ድሮ በሰንሰለት የታሰረ የአእምሮ ታካሚ ሲመጣ ሪፈር መጻፍ ብቻ ነበር ሥራችን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ እንደኛ ላለ ባለሙያ ነው፤ ከድብርት እስከ አልኮል ሱስ ምን ጠይቀን ምን እንደምናደርግ ይነግረናል። መመሪያ ግን መሳቢያ ውስጥም ያድራል።

በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ፕራይም የተባለው ፕሮግራም ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ዞር አላለም። የሳይካትሪ ባለሙያ እየተመላለሰ ሥራቸውን ይከታተል ነበር፤ ጤና ኤክስቴንሽኖችም ሕመምተኞችን ከየቤቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ላንሴት ሳይካትሪ ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጤና ጣቢያ ሲታከሙ ውጤታቸው በሳይካትሪ ነርሶች ከሚታከሙት እንደማያንስ አሳየ።

«ልጄ ጸበል ላይ ነው፤ መድኃኒቱን ያቁም?» ይሉኛል እናቶች።

«አያቁም እማማ፤ ጸበሉም መርፌውም አይጣሉም።»

መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን እኛንም ሊከታተለን ከሚመጣው የሳይካትሪ ባለሙያ ነው።

ቅሬታዬ መድኃኒቱ ላይ ነው። በየወሩ የሚወጋው የፍሉፌናዚን መርፌ ካለቀ፣ ሥልጠናው ለታካሚው ምኑ ነው? ደጋፊ ድርጅቶች ስለ ስብሰባ አዳራሽ ከመጨነቃቸው በፊት የወረዳውን የመድኃኒት ግዢ ኃላፊ ከፊት ወንበር ያስቀምጡልን።