ሐና ሰነሽ፦ መንገድ በስሟ የተሰየመላት የአየር ኃይል ወታደር

በብዙ የእስራኤል ከተሞች «ሐና ሰነሽ» የሚባል መንገድ ይገኛል። የልጅ ልጆች በትምህርት ቤት ስለ እርሷ ይማራሉ፤ በሾዓ መታሰቢያ ቀንም «ኤሊ ኤሊ» በመባል የሚታወቀው ግጥሟ ይዘመራል። ይህች ሴት ማን ነበረች? የእንግሊዝ አየር ኃይል ልብስ የለበሰችውስ ለምንድን ነው? (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሐና በ1921 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደች። አባቷ ቤላ ሰነሽ የታወቁ የቴአትር ደራሲ ነበሩ። እርሳቸው ሲሞቱ ሐና ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። እርሷንና ወንድሟን ጊዮራን ያሳደጉት እናታቸው ወይዘሮ ካታሊን ናቸው። ሐና በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች። በትምህርት ቤቷ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ለኃላፊነት ስትመረጥ ግን አይሁዳዊት በመሆኗ ቦታውን ከለከሏት። ከዚያ ወዲህ ልቧ ወደ ጽዮን ዞረ፤ ዕብራይስጥም መማር ጀመረች።

ጦርነቱ በፈነዳበት ወር፣ በመስከረም 1939፣ ብቻዋን ወደ ምድረ እስራኤል መጣች። እናቷ እዚያው ቀሩ። እናትን ትቶ መምጣት ምን እንደሆነ በሱዳን በኩል ያለፈ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ሐና በናሃላል የእርሻ ትምህርት ቤት 2 ዓመት ከተማረች በኋላ፣ በቄሳርያ ባሕር ዳር ወደሚገኘው ወደ ስዶት ያም ኪቡጽ ገባች። በዚያም በልብስ ማጠቢያና በወጥ ቤት ትሠራ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአውሮፓ አይሁድ እያለቁ ነበር። እንግሊዞች ደግሞ በጠላት አገር ገብተው መረጃ የሚልኩና አውሮፕላናቸው የተመታባቸውን አብራሪዎች የሚያሸሹ፣ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጉ ነበር። የአይሁድ መሪዎች ወጣቶቻቸውን ለዚህ ሥራ ሰጡ፤ የወጣቶቹ ዓላማ ግን ወገናቸውንም ማዳን ነበር። ሐና በፈቃዷ ተመዘገበች። በእንግሊዝ አየር ኃይል የሴቶች ክፍልም ገባች። የዚህ ክፍል ሴቶች ሥራቸው ውጊያ አልነበረም፤ በሬዲዮ፣ በራዳርና በመሳሰለው ያገለግሉ ነበር። ሐና የሬዲዮ መልእክት መላክንና በፓራሹት መዝለልን ተማረች። ወንድሟ ጊዮራ አገር የገባው እርሷ ልትሄድ ጥቂት ሲቀራት ነው። ተገናኙ፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አልነገረችውም።

በማርች 1944 ዩጎዝላቪያ ውስጥ በፓራሹት ወረደች። በዚያው ወር ጀርመኖች ሃንጋሪን ያዙ። ሐና ከአርበኞች ጋር ወደ 3 ወር ያህል ከቆየች በኋላ፣ በጁን ድንበሩን ተሻገረች፤ ወዲያውም ተያዘች። በነዚያ ሳምንታት ከ400,000 በላይ አይሁድ ከሃንጋሪ በባቡር ወደ አውሽዊትዝ እየተጋዙ ነበር።

መርማሪዎቹ አጥብቀው የፈለጉት የሬዲዮዋን ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ ከእጃቸው ቢገባ በስሟ የሐሰት መልእክት ልከው ሌሎች ሰዎችንና አውሮፕላኖችን ወደ ወጥመድ ይጠሩ ነበር። ሐናን ደበደቧት፤ አልተናገረችም። በመጨረሻ እናቷን አመጡባቸው። ወይዘሮ ካታሊን ልጃቸው በሰላም ኪቡጽ ውስጥ እንዳለች ነበር የሚያውቁት። አሁን ፊቷ በልዞ፣ ጥርሷ ወልቆ ቆማ አዩአት። ካልተናገረች እናቷም እንደሚሠቃዩ ነገሯት። ሐና እናቷን ይቅርታ ጠየቀች፤ ቁልፉን ግን አልሰጠችም።

እናትዮዋም እዚያው ታሰሩ። ሐና ከወረቀት ትልልቅ ፊደላት እየቆረጠች፣ በክፍሏ መስኮት አንድ በአንድ እያሳየች ታነጋግራቸው ነበር። ወይዘሮ ካታሊን በሴፕቴምበር ተለቀቁ። ሐና በኦክቶበር ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ኖቬምበር 7 ቀን 1944 በጥይት ተገደለች። ዓይኗን እንዳይሸፍኑት አለች። ዕድሜዋ 23 ነበር። እናቷ በዚያን ቀን ልጃቸውን ለማየት ፈቃድ ሊጠይቁ ሄደው ነው የሰሙት። በኋላ በተሰጣቸው ልብሷ ኪስ ውስጥ ለእርሳቸው የተጻፈ አጭር ደብዳቤ አገኙ።

ከምድረ እስራኤል ለዚህ ዘመቻ ከሄዱት ከ30 በላይ ወጣቶች መካከል 7ቱ ተገድለዋል። ሐና ቡዳፔስት የደረሰችው እስረኛ ሆና ነው፤ ካሰበቻቸው ሰዎች አንድም ለማዳን ጊዜ አላገኘችም። ሆኖም ከሚጠፋው ሕዝቧ መካከል ልትገባ ከደኅና ቦታ ተነሥታ ሄደች፤ የተሰጣትንም ምስጢር ሳታወጣ ሞተች። አጽሟ በ1950 መጥቶ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ተቀብሯል። ወይዘሮ ካታሊንም ከጦርነቱ በኋላ ልጃቸው ወደ ወደደችው አገር መጡ፤ እስከ 1992ም በዚሁ ኖሩ።