የሊኑክስ ምሰሶዎች መቼ ይታደሳሉ?

በካፋ ዞን ጨና ወረዳ ዋጫ ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ የወሩን ሥራ የሚያሳውቀው በወረቀት ብቻ አይደለም። ቁጥሮቹ ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ወዳዋለው ዲኤችአይኤስ 2 ይገባሉ። ይህ ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ ነው። መረጃውን የሚያከማችለት ፖስትግሬስኪውኤልም፣ ብዙ ጊዜ የሚጫንበት ሊኑክስም እንዲሁ። ነፃ መሆናቸው ደግ ነው፤ ግን አዲስ እትም ሲወጣ “አሁን ይጫን ወይስ ይቆይ?” የሚለው ውሳኔ የሚወድቀው በባለሙያው ትከሻ ላይ ነው።

ዴቢያንና ኡቡንቱን የመሰሉ የሊኑክስ ሲስተሞች በሺዎች ከሚቆጠሩ ፓኬጆች የተገነቡ ናቸው። የሙዚቃ ማጫወቻው ቢበላሽ ሙዚቃው ይቀራል፣ ሌላው ሥራ ይቀጥላል። ጥቂቶቹ ፓኬጆች ግን ምሰሶ ናቸው፤ ተነቃንቀው ጣሪያውን ሳያነቃንቁ አይቀሩም። ሃርድዌሩን የሚያዘው ከርነል፣ አብዛኞቹ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ጂሊብሲ፣ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን የሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ከነዚህ ይመደባሉ።

የምሰሶ መነቃነቅ ምን እንደሚያስከትል በ2018 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር የወጣው ጂሊብሲ 2.28 አሳይቷል። እትሙ ቃላትና ቁጥሮች በቅደም ተከተል የሚደረደሩበትን ደንብ አደሰ። ቀድሞ በእንግሊዝኛው አደራደር “11” ከ“1-1” በፊት ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ “1-1” ቀደመ። ነገሩ ተራ ይመስላል። ፖስትግሬስኪውኤል ግን ማውጫውን ያዘጋጀው በአሮጌው ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ መዝገቡ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ፈላጊው “የለም” ሊባል፣ አንድ የካርድ ቁጥርም ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። ያኔ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም አልነበረም። ከዴቢያን 9 ወደ 10፣ ወይም ከኡቡንቱ 18.04 ወደ 20.04 ለተሻገረ ሰው መድኃኒቱ ማውጫዎቹን እንደገና መሥራት ነበር፤ ይህን ያላወቀ ግን ችግሩን የሚያገኘው ከወራት በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ጣጣ ለመቀነስ የዴቢያን ሰዎች ለምሰሶዎቹ ወቅት አበጅተዋል። አዲስ ፓኬጅ መጀመሪያ “አንስቴብል” ወደሚባለው መደብ ይገባል። ከባድ ስህተት ካልተገኘበት እንደ አስቸኳይነቱ ከ2፣ ከ5 ወይም ከ10 ቀን በኋላ ወደ “ቴስቲንግ” ያልፋል። የአዲስ እትም ጊዜ ሲቃረብ ደግሞ በሩ ደረጃ በደረጃ ይዘጋል፤ ቀድመው የሚዘጉትም እንደ ጂሊብሲ ያሉት ምሰሶዎች ናቸው። ለዴቢያን 13 እነዚህ የተዘጉት በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 2017 ሲሆን፣ እትሙ የወጣው ነሐሴ 3 ነው። በመሀል ያሉት አምስት ወራት ያህል በዋናነት ስህተት የሚለቀምባቸው ነበሩ።

ይህ ዝግታ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዋጋውን አስመስክሯል። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ታዝቦ ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። እትሞቹ የዴቢያን አንስቴብል ውስጥ ገብተው ነበር፤ የተረጋጋው ዴቢያን ግን ገና 5.4 ላይ ስለነበር ተጠቃሚዎቹ አልተነኩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ነገር ግን መዘግየት ሁልጊዜ ጥበብ አይደለም። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ “ሃርትብሊድ” የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው ከርቀት የሰርቨሩን ትውስታ ቆንጥሮ ማንበብ ይችል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ቀን ማደርም አደጋ ነው። ዴቢያን ያኔ ያደረገው ሁለቱን ነገሮች መነጠል ነው፦ አሮጌውን እትም ሳይቀይር ቀዳዳውን ብቻ ደፈነ። ስለዚህ የእትሙ ቁጥር አሮጌ መሆኑ ብቻውን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የደኅንነት ጥገና የተቋረጠበት እትም ነው።

ዋጫም ሆነ ቦንጋ ላይ ሊኑክስ የሚያስተዳድር ሰው የሚወስነው በዚሁ መንገድ ነው። የደኅንነት ጥገና እንደመጣ ይጫናል፤ ወደ ሌላ እትም መሻገር ግን ቀን ይቆረጥለታል። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ወር 20 ስለሚቆጠር፣ ከ20 በኋላ ያሉት የርክክብ ቀናት ለዚህ አይሆኑም። ባክአፕ አስቀድሞ ይወሰዳል፤ ባክአፑም በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ይሞከራል። መብራት በመሀል ከጠፋ ከርነሉ በግማሽ ተጭኖ ማሽኑ አልነሳም ሊል ስለሚችል፣ ያለ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር አይጀመርም። አንዳንዴ ከአንድ ጊጋባይት የሚያልፈውን አዲስ እትም ማውረድም በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው የሚታሰብበት ወጪ ነው።

ዝግታው ለካፋ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ጂሊብሲ ለአማርኛ፣ ለሲዳምኛና ለወላይትኛ የቀን፣ የወርና የፊደል ቅደም ተከተል ደንብ ይዟል፤ የካፋ ቋንቋ ለሆነው ለካፊኖኖ ግን የለውም። አንድ ወጣት ነገ አዘጋጅቶ ቢልክ ሥራው የሚካተተው በዓመት ሁለቴ፣ በጥርና በሐምሌ መጨረሻ ገደማ፣ ከሚወጡት እትሞች በአንዱ ነው። ዴቢያን ምሰሶዎቹን ከዘጋ በኋላ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የሚወጣውን ቀጣይ እትም ይጠብቃል። ስለዚህ የካፊኖኖን ደንብ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው በሩ ከመዘጋቱ በፊት እንዲደርስ ሥራውን ከአሁኑ ቢጀምር ይሻለዋል።