የ11ኛ ክፍል የትምህርት መስክ ምርጫ ከ7ኛ ክፍል ሒሳብ ይጀምራል

10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ተማሪዎች ወደ 11ኛ ክፍል ሲሻገሩ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣሉ። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ይህ ምርጫ የሚቋጨው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ሒሳብ ይችላል ወይስ አይችልም? የሚችለው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ የሚከብደው ደግሞ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያመራ ይመከራል። ምክሩ በቅን ልቡና የሚሰጥ ቢሆንም ማኅበራዊ ሳይንስን ከሒሳብ ማምለጫ አድርጎ ይቆጥራል። ውሳኔውም በ10ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ብቻ የሚሰጥ ያስመስለዋል።

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተናን እንመልከት። አሁን ባለው አሠራር እያንዳንዱ ተማሪ በስድስት የትምህርት ዓይነቶች ይፈተናል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስን ይወስዳል። ቀሪዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ፣ በሁለቱም መስኮች አሉ። የሒሳቡ ፈተና ለየመስኩ ተለይቶ ይዘጋጅ እንጂ ከማኅበራዊ ሳይንስ አልተነሣም። አፕቲትዩድ የሚባለውም ቢሆን የስሌት ጥያቄዎች አሉበት። ሒሳብን ሸሽቶ መስክ የመረጠ ተማሪ እንግዲህ በፈተናው አዳራሽ ሒሳብን መልሶ ያገኘዋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የማለፊያው በር እንዲህ በጠበበበት ጊዜ ከስድስቱ አንዱን የትምህርት ዓይነት አስቀድሞ መተው ዋጋ ያስከፍላል።

ዩኒቨርሲቲ ከተገባም በኋላ ነገሩ ይቀጥላል። በአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ውስጥ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ራሱን የቻለ የሒሳብ ትምህርት አለ። ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ተማሪ ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ይጠብቁታል፤ ሒሳብ አያያዝና ማኔጅመንትም ያለ ቁጥር የሚገፉ ሙያዎች አይደሉም።

እንግዲህ ልጁ ከሒሳብ ጋር የሚለያየው መቼ ነው? በአሜሪካ ባሉ በርካታ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በመደበኛና በላቀ የሒሳብ ክፍል ተለይተው ይመደባሉ፤ ወላጅም መለያየቱን በግልጽ ያየዋል። በእኛ ሀገር በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚሰጠው ሒሳብ ለሁሉም አንድ ነው። መለያየቱ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ወንበር ላይ በተቀመጡ ልጆች መካከል፣ ማንም ሳያውጀው ይከሰታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ተማሪው ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን፣ ንጽጽርና መቶኛን፣ ያልታወቀን ቁጥር በፊደል ወክሎ መፈለግን ይማራል። ከ9ኛ ክፍል በኋላ የሚመጣው አልጀብራ ሁሉ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልጨበጠ ልጅ ሐሳቡንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ ለመማር ይገደዳል።

አርሶ አደሩ በየዓመቱ የሚሸከመው የዩሪያ ከረጢት ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ስለዚህ በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። ይህን ስሌት አብዛኛው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፤ የተማረውን ቀመር እንዳለ መተግበር ብቻ ነውና። አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። አንድ ማሳ 34.5 ኪሎ ናይትሮጂን ቢያስፈልገው ስንት ኪሎ ዩሪያ ይገዛ? (ቁጥሩ ለልምምድ የቀረበ ነው፤ የማዳበሪያውን መጠን የሚነግረው የልማት ሠራተኛው ነው።) መልሱ 75 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ከረጢት ተኩል ነው። እዚህ ላይ የማይታወቀው የዩሪያው መጠን ስለሆነ፣ ልጁ ያንን በፊደል ወክሎ፣ በ0.46 ሲባዛ 34.5 እንደሚሆን ጽፎ፣ ወደ ኋላ ማካፈል አለበት። ቀመር የሸመደደ ልጅ የሚቆመው እዚህ ነው። ሦስተኛም ጥያቄ አለ፤ በእጃችን አንድ ከረጢት ብቻ ቢኖር ከሚያስፈልገው ምን ያህሉን ይሸፍናል? ሁለት ሦስተኛውን ብሎ ምክንያቱን ማስረዳት የሚችል ልጅ ክፍልፋይ ገብቶታል።

ይህን ለመጠየቅ ወላጁ ራሱ የተማረ መሆን አያስፈልገውም። መልሶቹን ይዞ፣ «እንዴት አገኘኸው? እስቲ አስረዳኝ» ማለት ይበቃል። የልጁ ማስረዳት ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የሪፖርት ካርድ ግን እምብዛም አይናገርም። ቤተሰብ ቀድሞ የሚያየው ደረጃና አማካይ ውጤትን ነው፤ በአማርኛና በዜግነት ትምህርት የተገኘ 90 የሒሳብን 45 ይሸፍነዋል። በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያለፈ ልጅም በሒሳብ ደካማ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሒሳብን ውጤት ብቻውን፣ ከ7ኛ ክፍል መጀመሪያ አንሥቶ ወሰን በወሰን ማየት ይሻላል። በአንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ በድንገት ያሽቆለቆለ ውጤት ብዙውን ጊዜ ያመለጠ ምዕራፍ ምልክት ነው፤ ያመለጠውም በመኸር ወቅት ከክፍል በመቅረት ሊሆን ይችላል። አጨዳና ውቂያ በደረሰ ጊዜ ሳምንታት የሚቀር ልጅ ታሪክን በኋላ አንብቦ ሊደርስበት ይችል ይሆናል፤ ሒሳብ ግን ያለፈው ካልተያዘ የሚቀጥለው አይገባም። ውኃና ወፍጮ፣ ማጀትና ሕፃን በሴት ልጅ ላይ ሲደራረቡባት የሚጎዳውም በቅድሚያ በየዕለቱ ልምምድ የሚፈልገው ይኸው ትምህርት ነው። «ሒሳብ አይሆንላትም» ከመባሉ በፊት በቀን ስንት ሰዓት ለጥናት እንዳገኘች ቢቆጠር መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ተፈጥሮ ሳይንስ ለጎበዝ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ለሰነፍ ማለት አይደለም። ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ የሚወድ፣ በሒሳብም የበረታ ተማሪ ማኅበራዊ ሳይንስን ቢመርጥ ትክክል ነው። ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሰብል ባለሙያ መሆን የሚሻ ደግሞ ተፈጥሮ ሳይንስን ይይዛል፤ እሱ ግን ከሒሳቡ ጋር የፊዚክስና የኬሚስትሪ ውጤቱንም አብሮ ቢመዝን ይበጀዋል።

ልጃቸው ዘንድሮ 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል የሆነ ወላጆች በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ለሒሳብ መምህሩ ሊያቀርቡት የሚገባ ጥያቄ፣ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ሳይሆን «የትኛው ምዕራፍ አልገባውም? የማጠናከሪያ ትምህርትስ መቼ ይሰጣል?» የሚለው ነው።