የረቲና ቀዶ ጥገና መሣሪያዎችና የጌጅ ቁጥራቸው

የክዳን ቆርቆሮ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይልቅ ስስ መሆኑን ያውቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ውፍረቱ ይቀንሳል። ይኸው ልማድ እጅግ ረቂቅ በሆነ ሌላ የንግድ ዕቃ ላይም ይሠራል፤ ይኸውም ለዓይን ረቲና ቀዶ ጥገና የሚያገለግለው መሣሪያ ነው። ነገር ግን በቆርቆሮው ላይ የቁጥር ስሕተት ጣሪያን ሲጎዳ፣ በዚህኛው ላይ የሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ረቲና በዓይን ውስጥ ከበስተኋላ የተነጠፈ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፍ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ከቦታው ሲላቀቅ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በዓይን ነጩ ክፍል በኩል ገብቶ ዓይንን የሞላውን ዝልግልግ ነገር እየቆረጠ ያወጣል። ይህን መንገድ በ1970 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በማያሚ ከተማ የከፈቱት ዶክተር ሮበርት ማኸመር ሲሆኑ፣ መሣሪያቸው 2.3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ 0.9 ሚሊሜትር የሆነው 20 ጌጅ መጣ። በ2002 ባለ 0.5 ሚሊሜትሩ 25 ጌጅ፣ በ2005 ባለ 0.6ቱ 23 ጌጅ፣ በ2010 ባለ 0.4ቱ 27 ጌጅ ተከታትለው ወጡ። ቀዳዳው በመጥበቡ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም።

እንግዲህ አስመጪው ሦስት ነገሮችን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ የመግቢያው ቱቦ፣ መቁረጫው፣ የብርሃን ዘንጉና ወረንጦው በቁጥር የተስማሙ መሆን አለባቸው፤ የ23 ጌጅ ወረንጦ በ25 ጌጅ ቱቦ አይገባም። ሁለተኛ፣ መቁረጫው የሚሠራው በሆስፒታሉ ካለው ሞተር ጋር ሲገጥም ብቻ ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው ሞተር ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሦስተኛ፣ አብዛኛው መቁረጫ ከጀርም ነጽቶ የታሸገና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ማሸጊያው ከተቀደደ ወይም ቀኑ ካለፈ ዕቃው ከንቱ ነው።

ስለዚህ ትእዛዙ ከመላኩ አስቀድሞ ነጋዴው የጌጁን ቁጥርና የሞተሩን ዓይነት ከሐኪሙ በጽሑፍ ይቀበል፤ የዕቃውንም ምዝገባ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያረጋግጥ። ቁጥሩ ያልገጠመ ጫማ ተመልሶ ይለወጣል፤ ረቲናው የተላቀቀበት በሽተኛ ግን ሁለተኛው ዕቃ ተጭኖ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።