የሞተሩ ድምፅና ዝምተኛዋ መኪና

የቮልስ ወዳጅ መኪናዋን ገና ከሩቅ በድምፅዋ ይለያታል። ካርቡራተሯ ማስተካከያ እንደሚያሻው በጆሮው ብቻ የሚያውቅም መካኒክ አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከላቸው ሲነገር እንዲህ ያሉ ሰዎች ቅር ቢላቸው አንፈርድባቸውም።

ይሁን እንጂ ያ ተወዳጅ ድምፅ ከየት ይመጣል? ቤንዚን ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ጎማውን ለማሽከርከር የሚውለው ከሲሶ እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጆሯችንን የሚያስደስተው ድምፅም የዚሁ ብክነት ቅንጣት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተቀበለው ኃይል ከመቶ 85 እጅ በላይ የሚሆነውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ቮልስ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ የምታቃስተው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ይህ ችግር አይነካውም።

የባትሪ ሕመም ግን በጆሮ አይሰማም፤ በመለኪያ መሣሪያ እንጂ። ያ መካኒክ ሙያውን እንደገና ሊማር ነው። እኛም ብንሆን ለዝምተኛዋ ብናደላም፣ ቮልስ ስታልፍ ዞር ብለን ማየታችን አልቀረም።